አርቲኤክስ 3070 እና ራይዘን 5800ኤክስ፦ ቮልቴጅ ቀንሶ ፍጥነትን ማቆየት

ሬንደር_ማታ
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ሲፒዩው ራይዘን 7 5800ኤክስ፣ ጂፒዩው (የግራፊክስ ካርዱ) አርቲኤክስ 3070 ነው። ሬንደር ላይ ሲፒዩው 90 ዲግሪ ይነካል፣ ጂፒዩው ከ80 አይወርድም። መብራት ሲሄድ ደግሞ 650 ቪኤ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) ኦቨርሎድ ብሎ ያጠፋዋል። ከባዮስ (የማዘርቦርዱ መቼት) የሲፒዩውን ቮልቴጅ በኦፍሴት፣ ማለትም ከመደበኛው ላይ በቋሚ መጠን፣ 0.1 ቮልት ብቀንሰው ይበቃል? ጂፒዩውስ?

ቺፕ_ነካኪ
ከጂፒዩው ጀምር፣ ትርፉ እዚያ ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር (የካርዱን ፍጥነትና ቮልቴጅ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ክፈትና ኮንትሮልና ኤፍን አብረህ ተጫን፣ የቮልቴጅና የፍጥነት ከርቩ ይመጣል። መጀመሪያ ኮር ክሎክን ወደ -300 አውርደህ አፕላይ በል። ከዚያ 900 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ወደ 1850 ሜጋኸርዝ ጎትተህ እንደገና አፕላይ። ከሷ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ጠፍጣፋ መስመር መሆን አለበት፤ አንዷ እንኳ ከፍ ብላ ከቀረች ካርዱ ወደሷ ይወጣና ልፋትህ መና ይቀራል።

ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። ከ1.05 ወደ 0.9 ቮልት ስትወርድ በዚያው ፍጥነት የኮሩ ፍጆታ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሜሞሪው ግን የራሱን መብላቱን አይተውም። ከርቩን ካርዱ ሞቆ እያለ አስተካክል፣ ሙቀቱ ሲለዋወጥ በ15 ሜጋኸርዝ እየዘለለ ይንሸራተታል። ጌም ወደ ዴስክቶፕ ከጣለህ ወይም ስክሪኑ ጠቁሮ ድራይቨሩ እንደገና ከተነሳ 15 ሜጋኸርዝ ቀንስ። እስኪረጋ ድረስ ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ እንዲጭነው አታድርግ።

ባዮስ_ውስጥ
ኦፍሴቱን ተወው። ዜን 3 (የ5800ኤክስ ትውልድ) ቮልቴጅ ሲያጥረው ሁልጊዜ አይወድቅም፣ ክሎክ ስትሬቺንግ ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ሳያሳይህ ይዘገያል፦ 4.6 ጊጋኸርዝ እያሳየህ የሲኔቤንች (የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ነጥብህ ይወርዳል። ኤችደብሊውኢንፎ (የሴንሰር ንባብ የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ኢፌክቲቭ ክሎክ (በተግባር የሚሠራበት ፍጥነት) የሚለውን እይ።

ባዮስ ውስጥ ፒቢኦ (የራይዘን የፍጥነትና የኃይል መቼት) አድቫንስድ፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር (የየኮሩን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው)፣ ፐር ኮር፣ ኔጋቲቭ ምረጥ። ራይዘን ማስተር (የኤኤምዲ ፕሮግራም) ምልክት ያደረገባቸውን ሁለት ምርጥ ኮሮች በ5፣ ሌሎቹን በ15 ጀምር፤ አንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ነው። ምርጦቹ ቀድሞም ጫፍ ላይ ስለሚሠሩ ብዙ አይሸከሙም። በሲኔቤንች ብቻ አትመን። ሁሉም ኮር ሲጫን ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፣ ጉዱ የሚወጣው አንድ ኮር ብቻውን ወደ ላይ ሲተኮስ ነው፤ ብሮውዘር ብቻ ከፍተህ ኮምፒውተሩ ድንገት ሪስታርት የሚያደርገው ለዚህ ነው። ኮርሳይክለርን (ኮሮቹን አንድ በአንድ የሚፈትን ፕሮግራም) ሌሊቱን ሙሉ አስኪደው። ከወደቀ ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ መዝገብ) ውስጥ ደብሊውኤችኢኤ 18 የሚለውን የሃርድዌር ስህተት ፈልግ፣ እዚያ ያለውን ኤፒአይሲ አይዲ (የሲፒዩ ትሬድ ቁጥር) ለሁለት አካፍል፦ 6 ወይም 7 ከሆነ ጥፋተኛው ኮር 3 ነው። እሱን ብቻ ወደ ዜሮ አስጠጋው።

ግን ይህ ብቻውን አያቀዘቅዝህም፣ ራይዘን ያተረፈውን መልሶ ፍጥነት ላይ ያውለዋል። ፒፒቲውን (የሲፒዩውን የኃይል ጣሪያ) ከ142 ወደ 110 ዋት አውርድ፣ ሙቀቱ ያኔ ነው የሚወርደው። ዩፒኤሱን በተመለከተ፣ 650 ቪኤ አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ሁለቱም ሲጫኑ ከዚህም በኋላ ጠርዝ ላይ ነህ፤ መብራት ሲሄድ ሬንደሩን ፖዝ አድርግ።

ላፕቶፓም
ጣልቃ ስገባ ይቅርታ፣ ኢንቴል 10ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ትሮትልስቶፕ (የሲፒዩ ቮልቴጅና ኃይል የሚያስተካክል ፕሮግራም) ቮልቴጁን ተቆልፏል ይለኛል።

ቺፕ_ነካኪ
ፕላንደርቮልት የሚባለው የኢንቴል ቮልቴጅን በመቀየር የሚሠራ የደህንነት ቀዳዳ ታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነ ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች በባዮስ አፕዴት ተቆልፈዋል። ባዮሱን ወደ ድሮው ልመልስ ብለህ ቦርዱን እንዳትገድለው። እዚያው ትሮትልስቶፕ ውስጥ ቲፒኤል (የኃይል ገደቦች ገጽ) ግባና ፒኤል1 እና ፒኤል2ን (የረጅምና የአጭር ጊዜ የኃይል ጣሪያዎቹን) ቀንስ፤ ፒኤል2ን 45 ዋት አድርገህ ሞክረው።