ዝግ የግራፊክስ ድራይቨር ከክፍት ሥርዓት ጋር አብሮ መቅረብ ይገባዋልን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የሊኑክስ አከፋፋዮች (ሊኑክስን አደራጅተው ለተጠቃሚ የሚያቀርቡት) የምንጭ ኮዱ ያልተከፈተ የግራፊክስ ድራይቨር (ሥርዓቱን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ከሥርዓቱ ጋር አብረው ማቅረብ ይገባቸዋልን?

አኒሜተር፦ ይገባቸዋል ባይ ነኝ። ኑቮ የተባለው ክፍት ድራይቨር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ በወጡ የኤንቪዲያ ኩባንያ የግራፊክስ ካርዶች ላይ ለዓመታት ፍጥነት መጨመር ተስኖት ኖሯል፤ ለዚህ ኩባንያው የፈረመበት ፈርምዌር (ካርዱ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር) ስለሚያስፈልግ ካርዱ ሲነሳ በያዘው ዝቅተኛ ፍጥነት ይቀር ነበር። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራም የሚሠራ፣ ማስረከቢያ ቀን የተቆረጠበት ሰው በዚህ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ያነሱት ችግር እውነት ነው፤ ነገር ግን በሩን የቆለፈው ኩባንያው ራሱ መሆኑን ዘለሉት። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) የውስጥ አሠራሩ እንደማይለወጥ ቃል ገብቶ አያውቅም፤ አንድ ገንቢ ለውጥ ሲያደርግ በከርነሉ ውስጥ ያሉትን ድራይቨሮች አብሮ ያስተካክላል፣ ውጭ ያለው ዝግ ድራይቨር ግን ባለቤቱን ይጠብቃል። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ ሞጁሉን (ከከርነሉ ጋር የሚያያዘውን የድራይቨሩን ክፍል) እንደገና ለመገንባት ይሞክራል፤ ካልተሳካለት ተጠቃሚው ከመግቢያው ገጽ ይልቅ ጥቁር ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ከርሰር ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ አቤቱታው የሚመጣው ወደ አከፋፋዩ ነው፤ እርሱ ደግሞ ኮዱን ማየት እንኳ አይችልም። ኩባንያው የቆየ ካርድ መደገፉን ሲያቆም ማንም ሊቀጥልበት አለመቻሉን ስጨምርበት፣ ተቃውሞዬ የሃይማኖት ጉዳይ ሳይሆን የጥገና ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ይመስለኛል።

ሞጁል (የሦስተኛው ተከራካሪ ቅጽል ስም)፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት በክፍቱና በዝጉ መካከል ያለው ድንበር ባለበት እንደቆመ አድርጋችሁ ነው። ኤንቪዲያ በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. የከርነል ሞጁሎቹን ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ካርዶች ከፍቷል። ፕሮግራሞች ግራፊክስና ስሌት ለማሠራት የሚጠሯቸው የኦፕንጂኤል፣ የቩልካንና የኩዳ ላይብረሪዎቹ ግን ዝግ እንደሆኑ ናቸው፤ ቀድሞ ድራይቨሩ ይሠራው የነበረ ብዙ ነገርም ካርዱ ላይ ወደሚሠራው ዝግ ፈርምዌር ተዛውሯል። የሚመሰገነው የተፎካካሪው ኩባንያ የኤኤምዲ ክፍት ድራይቨርም (በ2015 እ.ኤ.አ. በከርነል 4.2 የገባው) ዝግ ፈርምዌር ይጭናል፤ ይህን መናገር የሚወዱ ጥቂቶች ናቸው። ዴቢያን የተባለው አከፋፋይ እንኳ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ፣ ከዴቢያን 12 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ አካቷል። እኔ ፈርምዌሩን እቀበላለሁ፤ በከርነሉ ውስጥ ሙሉ ሥልጣን ይዞ የሚሠራ ዝግ ኮድ ግን ተጠቃሚው አውቆ ካልመረጠው በስተቀር መጫን የለበትም።

አኒሜተር፦ አውቆ ይምረጥ በሚለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ምርጫው እስከ መጨረሻው ይሥራ። ያልተፈረመ ኮድ እንዳይጫን የሚከለክለው ሴኪውር ቡት በበራበት ማሽን ላይ ድራይቨሩን የመረጠ ሰው፣ ዳግም ሲያስነሳ የፊርማ ቁልፍ እንዲያስመዘግብ የሚጠይቅ ሰማያዊ ገጽ ይመጣበታል፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው ካለፈው ሞጁሉ አይጫንም። ስለዚህ አከፋፋዩ ኡቡንቱ እንደሚያደርገው ሞጁሉን ገንብቶና በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ያቅርብ፤ ይህም ሰርቨር ጠባቂ ያነሱትን የዲኬኤምኤስ ጣጣ ከተጠቃሚው ጫንቃ ያነሳዋል።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ከተጠቃሚው ጫንቃ ይነሳል፤ የሚያርፈው ግን ሥርዓቱን በምናቀርበው በእኛ ላይ ነው። ያላየሁትን ኮድ በስሜ ፈርሜ እንዳቀርብ ከሆነ የሚጠይቁኝ፣ መልሴ አሁንም አይሆንም ነው።