ሶኒክ ከስቶብኛል፤ ቀለበቶቹም እንቁላል መስለዋል

የዘጌው ጀልባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ጀልባ ነው የምሰራው። እንግዶች ዘጌ አደርሳለሁ፤ ገዳሙን አይተው እስኪመለሱ ዳር ላይ ቁጭ ነው። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት። ለዚያች ሁለት ሰዓት ብዬ አንበርኒክ የምትባል በእጅ የምትያዝ የጌም መጫወቻ ገዛሁ፣ አርጂ 35 ኤክስኤክስ ኤች የሚሏትን።

ያን ሰማያዊ ጃርት የሚሮጥበትን ጌም፣ የመጀመሪያውን ሶኒክ፣ ልጅ ሆኜ ጊሽ አባይ ሰፈር በሴጋ ተጫውቼዋለሁ። በሳንቲም፣ ተራ ጠብቀን። የሞተ ጆይስቲኩን ይለቃል፤ ካልለቀቀ ይነጠቃል። አሁን ያለኝ አድናቂዎች የሰሩት ፖርት ነው፣ ጌሙን በሌላ መሣሪያ እንዲሄድ አድርገው ያዘጋጁት ቅጂ። ጓደኛዬ ቪታ፣ የሶኒን የእጅ ጌም መጫወቻ፣ አለው፤ እዚያ ሲጫወተው አይቼ ቀናሁ። ፖርቱን አስገባሁና ሴቲንጉን የሱን እንዳለ ገለበጥኩ።

ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ድምፁም ሸጋ ነው። ግን ሶኒክ ሁዳዴን ጾሞ የወጣ ይመስላል። ቀጭን፣ ረጅም። ቀለበቶቹም ክብ መሆናቸው ቀርቶ እንቁላል ሆነዋል። ጓደኛዬ ጋ ደህና ነው። ስክሪኑ ነው የተበላሸው? ሻጩ እንደሆነ «የተሸጠ አይመለስም» ብሎኛል።

የድሮ ካሴት፦
ፖርት ምን ያደርግልሃል? ኢሙሌተር ላይ፣ የድሮውን ሴጋ በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ተጫወተው፣ አለቀ። ዋናውን ትተው እየነካኩ ነው እንዲህ የሚያከሱት።

ፔዳ 4ኛ ዓመት፦
ወንድም ጋሼ፣ ስክሪንህ ምንም አልሆነም። ሻጩንም ለዛሬ ማረው።

የጓደኛህ ቪታ ስክሪን 960 በ544 ነጥብ (ፒክስል) ነው፣ ሰፊ። ያንተው 640 በ480 ነው፣ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን። የገለበጥከው ሴቲንግ ጌሙን በ424 በ240 ነው የሚስለው። ለቪታ ልክክ ይላል። ያንተ ላይ ግን ያ ሁሉ ስፋት በግድ ሲገባ ከግራና ከቀኝ ይጨመቃል፤ ክብ የነበረው እንቁላል ይሆናል።

ጌሙ ያለበትን ፎልደር ክፈት። ሴቲንግስ ዶት አይኤንአይ የሚል ፋይል አለ፤ በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ይከፈታል። ስክሪንዊድዝ የሚለው ጎን 424 ተጽፏል። 320 አድርገው፣ ሴቭ። 320 በ240ን እጥፍ ብታደርገው 640 በ480 ይመጣል፤ እያንዳንዷ የጌሙ ነጥብ ሳትጣመም በስክሪኑ ላይ አራት ፒክስል ትይዛለች። ከዚህ በላይ ጥራት የለም።

ለድሮ ካሴት፦ ኢሙሌተሩም ደግ ነው፣ አልጣላም። ግን ይሄ ፖርት በፈረንጆቹ 1991 ከወጣው ሳይሆን ክርስቲያን ዋይትሄድ በራሱ ኤንጂን (ጌሙን በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ለስልክ እንደ አዲስ ከሰራውና 2013 ከወጣው ነው የመጣው። አድናቂዎች ኤንጂኑን ፈታተው ኮዱን 2021 ለቀቁት። ለዚህ ነው ቪታ ላይም እዚህም የሚሄደው። ደግሞ ቁጭ ብሎ ተሽከርክሮ መፈትለኩ የመጀመሪያው ሶኒክ ላይ አልነበረም፣ ከሁለተኛው ነው የመጣው። እዚህ አለ። ጓደኞቹ ቴይልስና ናክልስም አሉ። ያስቀናል አይደል?

አንድ ነገር ብቻ። አድናቂዎቹ የሚሰጡት ኤንጂኑን ነው። ጌሙ ራሱ ያለበትን ዳታ ፋይል ከራስህ የስልክ ቅጂ አውጣ፣ ከሰው አትቀበል።

የድሮ ካሴት፦
መፈትለኩን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግማሹን።

የዘጌው ጀልባ፦
እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። 320 አደረግኩት፣ ቀለበቱ ክብ ሆነ፣ ሰውየውም ሆዱ ተመለሰ። ዳታውን ከስልኬ ነው ያወጣሁት፣ አታስቢ። ፀሐይዋ ብቻ ነው ያስቸገረችኝ፤ ከውሃው ላይ እየነጠረች ስክሪኑን ታጠፋዋለች። ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጫወተው።

ዛሬ ላቢሪንት የሚባለው የጌሙ ክፍል ደረስኩ፣ ውሃው ውስጥ። 30 ሰከንድ ገደማ አየር ይሰጥሃል፤ ሊያልቅ ሲቃረብ ያቺ የምታጣድፍ ሙዚቃ ትጀምርና ከአምስት ወደ ታች ትቆጥራለች። አየር የምትሞላውን ትልቋን አረፋ ቆሜ እየጠበቅኩ ነው፣ ትናንሾቹ ብቻ ይወጣሉ። ሁለት፣ አንድ... ሰመጥኩ። ጣና ላይ ስንት ዓመት ሰርቼ አንድ ቀን ሰምጬ አላውቅም። ጋቢዬን ገልጬ «ኧረ በማርያም!» ብዬ ስጮህ እንግዶቹ ለካ ተመልሰው ከፊቴ ቆመዋል። የላይፍ ጃኬቱን ሳልነግራቸው ሁሉም አጥብቀው አሰሩ።