«ምራቅ» ይባል ወይስ «አክታ»? ለጤና ጣቢያ ማስታወቂያ

ከዚራ፦
እዚህ ድሬ ለአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራ ማስታወቂያ እየተዘጋጀ ነው። ረቂቁ «ምራቅዎን ዕቃው ውስጥ ይትፉ» ይላል። «ለሃጭ» ወይም «ልጋግ» ቢባል ይሻላል? ሁሉም ያው አይደሉም እንዴ?

ላብራቶሪ፦
አቦ፣ እንዲህ እንዳትለጥፉት! የሚፈለገው አክታ ነው፤ በሳል ከሳንባ የሚወጣው ወፍራሙ። «ምራቅ» ካላችሁት ሰዉ አፉ ውስጥ ያለውን ቀጭን ውሃ እንትፍ ብሎ ይሰጣችኋል። በሽታው ሳንባው ውስጥ እያለ ውጤቱ ነፃ ሊል ይችላል። እንዲህ ጻፉት፦ «ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ አፍዎን በንጹሕ ውሃ ይጉመጥመጡ። ከሰው ራቅ ብለው ደጅ ይቁሙ። ሁለት ጊዜ አየር በረጅሙ ስበው ከደረትዎ ያስሉ። የወጣውን አክታ ዕቃው ውስጥ ተፍተው ክዳኑን ያጥብቁ።» መጠኑ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቢበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ። ከአፍንጫ ወደ ኋላ የተሳበ ንፍጥ አይቆጠርም።

መጋላ፦
ቃላቱን የሚለያቸው ግሡ ነው። ምራቅ ይተፋል፣ ይዋጣል። ለሃጭ ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ይዝረበረባል፤ «ለሃጬን ዋጥኩ» የሚል የለም። ልጋግም እንደዚያው፣ ለከብትና ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ይበዛል። «ለሃጫም» ስድብ ስለሆነ ስትሮክ ስለመታው ሰው ሲወራ «ምራቁ ይፈሳል» ይባል። ደግሞ ልብ በሉ፦ «ምራቁን የዋጠ» የበሰለ፣ የረጋ ሰው ነው፤ «ምራቁን እየዋጠ» ያለው ግን ባጂያ ሲጠበስ ቆሞ የሚያየው ነው።
«ለሃጭ» ማስታወቂያ ላይ ቦታው ስለ እብድ ውሻ ሲጻፍ ነው፦ «የውሻ ለሃጭ የነካው ቁስል በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት ይሂዱ።»

ገንደ ቆሬ፦
በኦሮምኛና በሶማልኛ የምታስተረጉሙት ከሆነም ያው ስህተት ይመጣል። «ሀንጩፋ»ም «አንዱፍ»ም ምራቅ ናቸው። ለተርጓሚው ረቂቁን ብቻ አትስጡት፤ «ከደረት በሳል የሚወጣው» ብላችሁ ንገሩት።

ከዚራ፦
ተስተካክሏል፣ «አክታ» ሆኗል። የታካሚው ስም ክዳኑ ላይ ይጻፍ?

ላብራቶሪ፦
አይ፣ ዕቃው ጎን ላይ። ክዳን ሲከፈት ከሌላ ሰው ክዳን ጋር ይቀያየራል። ስሙም አክታው ከመሰጠቱ በፊት ይጻፍ፤ ዕቃው ከረጠበ በኋላ እስክሪብቶ አይዝም።