ያለጊዜያቸው ከእናታቸው ለተለዩ የጥንቸል ግልገሎች፦ በአዲስ አበባ ስለሚገኙ ወተቶች፣ ማሞቂያዎች፣ መኖዎችና ሕክምና ጥቆማ

ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎች እናቲቱ ስትሞትባቸው፣ ወይም ቤተሰብ በካርቶን ይዞ ከሚያዞር ሻጭ የሦስት ሳምንት ግልገል ለልጆቹ ሲገዛ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛውን ወተት ልግዛ?» ብለው ነው። እኔ እናት የሌላቸውን ግልገሎች ሦስት ጊዜ አሳድጌአለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ከስድስቱ የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አራቱን የገደላቸው ረሃብ ሳይሆን ብርድ፣ ከልክ ያለፈ ወተትና ያለቦታው የተሰጠ መድኃኒት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ጥቆማዬን ከወተት አልጀምርም።

በቅድሚያ ግልገሎቹ በእርግጥ እናት አልባ መሆናቸውን አረጋግጡ። ጥንቸል እንደ ድመት ልጆቿን አቅፋ አትውልም፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ብቻ ገብታ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አጥብታ ትወጣለች፤ ይህንንም የምታደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሰው በማያያት ሰዓት ነው። ጠዋት ስታዩአቸው ሆዳቸው ክብ ብሎ፣ ቆዳቸው ሳይጨማደድ በጸጥታ ከተኙ ጠብተዋል ማለት ነው። በገጠር ማሳ ውስጥ የምትገኘው የዱር ጥንቸል ደግሞ ከቤቷ ጥንቸል የተለየች ዘር ናት፤ ልጆቿ ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው ስለሚወለዱ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ግልገል ስላያችሁ ብቻ አንስታችሁ አትውሰዱ፤ እናቱ ሲመሽ ትመለሳለች።

እናቲቱ በእርግጥ ከሌለች፣ የምታጠባ ሌላ ጥንቸል በገበያ ከሚገኝ ከማንኛውም ነገር ትበልጣለች። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት መካከል ስለተጠቀሰችና ብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ስለማይመገባት፣ አርቢዎቿ ጥቂቶች ናቸው፤ ቢሆንም እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ አንዱን ካገኛችሁ ሌላውን ይጠቁማችኋል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት የወለደችና ልጆቿ ያልበዙባት ጥንቸል ፈልጉ፤ የጡቶቿ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ስለሆነ ከዚያ በላይ ግልገል ማሸከም አይገባም። እናቲቱን ለጥቂት ጊዜ ከሳጥኑ አርቃችሁ፣ አዲሶቹን ከጎጆዋ ጠጉር ጋር አሻሽታችሁ ከልጆቿ መሃል ብትቀላቅሏቸው ጠረናቸው አንድ ይሆናል። ለባለቤቷ የምትከፍሉት ገንዘብ ለወተትና ለመድኃኒት ከምታወጡት ያነሰ እንደሚሆን ከራሴ ወጪ አይቻለሁ።

ይህ ካልተሳካ ቀዳሚው ጉዳይ ሙቀት ነው። ግልገሎች ጠጉር አልባ ሆነው ስለሚወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት ጎጇቸው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ለዚህ ምሕረት የለውም። የሞከርኋቸው ማሞቂያዎች ሁለት ናቸው። የጫጩት ማሞቂያ አምፖል በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን አየሩን ያደርቃል፣ ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ያቃጥላል፣ መብራት በጠፋበት ቅጽበትም ጥቅሙ ያበቃል። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላና በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ ግን መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል፤ ድካሙ በየሦስትና አራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እየተነሡ መለወጥ ብቻ ነው። እኔ የምመክረው ጠርሙሱን ነው፤ አምፖሉን የምትመርጡ ከሆነ ሙቀቱ ሲበዛባቸው የሚሸሹበት ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ተዉላቸው፤ ጠርሙሱንም በመጠባበቂያነት አዘጋጁ። ለመኝታ ለስላሳ ድርቆሽ ከሁሉ ይሻላል። ሰጋቱራ ርካሽ ቢሆንም ብናኙ ወደ ሳንባቸው ይገባል፤ ባዘቶ ጥጥ ደግሞ ክሩ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ስለሚችል አትጠቀሙበት።

አሁን ወደ ወተቱ። የጥንቸል ወተት ስቡም ፕሮቲኑም እያንዳንዳቸው ከ10 በመቶ በላይ ሲሆኑ፣ የወተት ስኳሩ ከ2 በመቶ አይበልጥም። የላም ወተት በአንጻሩ ስቡ 4 በመቶ ገደማ፣ ፕሮቲኑ ከ3 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ስኳሩ ወደ 5 በመቶ የተጠጋ ነው፤ ስለዚህ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ወተት ለእኛ መልካም ቢሆንም ለግልገል የቀጠነና የጣፈጠ ነው። የሕፃናት የዱቄት ወተት ውድ ከመሆኑም በላይ በእናት ጡት ወተት አምሳያ ስኳሩ ከፍ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ ከዝርዝራችሁ አውጡት። ከሚሸጡት ሁሉ ተስማሚው ለድመት ግልገሎች የተዘጋጀው የዱቄት ወተት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡት። እርሱ ከሌለ የፍየል ወተት ውሰዱ፤ ከምታውቁት አርቢ ትኩሱን ገዝታችሁ፣ አፍልታችሁ አቀዝቅዙትና ስኳር ያልገባበት ክሬም ጥቂት ጨምሩበት። የፍየል ወተት የስኳር መጠኑ ከላም ወተት ብዙ ባይለይም የስቡ ቅንጣቶች ደቃቅ ስለሆኑ ለመፈጨት ይቀላል፤ ክሬሙም የጎደለውን ስብ በከፊል ይሞላል። ማርም ሆነ ስኳር በፍጹም አትጨምሩ።

ለማጠጫ ከመድኃኒት ቤት የ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ፤ የኢንሱሊን ስሪንጅ ብዙ ጊዜ መርፌው ስለማይነቀል፣ መርፌው የሚወልቀውን ዓይነት ጠይቁ። ጡጦ ለአፋቸው ትልቅ ነው። ግልገሉን በጀርባው አታስተኙት፤ በሆዱ እንደተኛ ራሱን ቀና አድርጋችሁ ጠብታ በጠብታ ስጡት፤ ወተቱ ትን ካለው የሳንባ ምች ይከተላል። በቀን ሁለት ጊዜ ማጠጣት ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ለተወለደ 2 ተኩል ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ሳምንቱ ከ6 እስከ 7፣ ለሁለት ሳምንቱ ከ12 እስከ 13፣ ለሦስት ሳምንቱ እስከ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል። ትንንሽ ዝርያ ከሆኑ መጠኑን ቀንሱ። ዓይናቸው እስኪገለጥ ድረስ፣ ማለትም እስከ 10ኛው ወይም 12ኛው ቀን፣ ከእያንዳንዱ ወተት በኋላ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጥጥ ከሆዳቸው በታች እያሻሻችሁ ሽንትና በጠጥ እንዲወጣቸው አድርጉ፤ እናታቸው ይህን በምላሷ ታደርግላቸው ነበር። በግራም የሚመዝን ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የጠቀመኝ ነው። በየማለዳው መዝግቡ፤ ክብደቱ ካልጨመረ ግልገሉ ገና ሳይደክም ታውቃላችሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መቆርጠም ሲጀምሩ ጥሩ ድርቆሽና የደረቀ አልፋልፋ አቅርቡ፤ የጤፍ ጭድ ለመኝታ እንጂ ለምግብነት ደካማ ነው። ፉርሽካ ጥቂት በጥቂት ይሁን። የጫጩት መኖ ከየመኖ መደብሩ የሚገኝ ቢሆንም አሰሩ (ቃጫው) አነስተኛ፣ ስታርቹ ከፍተኛ በመሆኑ አልመክረውም፤ ጎመንና ሰላጣም ሆዳቸው ሳይጸና አይቸኮልባቸው። ገዝታችሁ የማታገኙት አንድ ነገር አለ፦ ጤናማ ትልቅ ጥንቸል ሌሊት የምትጥለው፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘው ለስላሳ በጠጥ። ከእርሱ ጥቂት ከወተቱ ጋር ቀላቅላችሁ ብትሰጡ ለአንጀታቸው የሚያስፈልጉትን ረቂቅ ሕዋሳት ያገኛሉ። ከአርቢ ጎረቤት ለምኑት፤ አትፈሩ።

ስለ መድኃኒት ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ተቅማጥ ሲይዛቸው አንድ መድኃኒት ቤት የሰጠኝ አሞክሳሲሊን ነበር፤ ሰጥቻቸው በማግሥቱ ሁለት ሞቱብኝ። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሊንዳማይሲን በአፍ ሲሰጡ የጥንቸልን አንጀት ጠቃሚ ሕዋሳት አጥፍተው ይገድላሉ። ጡት ከተዉ በኋላ ኮክሲዲያ የተባለ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ለሚያመጣው ተቅማጥ በእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጠው አምፕሮሊየም ይሰጣል፤ መጠኑን ግን ለዶሮ በተጻፈው መመሪያ ሳይሆን በሐኪም ትእዛዝ ወስኑ። የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ቅርብና ርካሽ ነው፤ ልምዱ ግን በከብትና በበግ ላይ ያመዝናል። የከተማው የግል ክሊኒኮች ውሻና ድመት ይለምዳሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጥንቸል አክመው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ። ጉዳዩ ከከበደ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ መሄድን እመርጣለሁ። እዚያው ከተማ ያለው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት የሚያመርት ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ። በመንገድ ላይ ሙቅ ጠርሙስና ክብደታቸውን የመዘገባችሁበትን ደብተር ያዙ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ክብደታቸው ነው።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ 8 ሳምንት ያልሞላውን ግልገል አትውሰዱ። ሻጩ እናቲቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ከለመዱት መኖም አንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱና አዲሱን መኖ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀላቅሉበት።