ከራሚ ጨርቅ ሸሚዝ ለመስፋት

ጀማሪዋ፦ ስስ የራሚ ጨርቅ አለኝ፤ እጅጌ የሌለው ሸሚዝ ላወጣበት ነው። እንደ ጥጥ ልስፋው? ጠርዙ ከአሁኑ እየተተረተረ ነው።

መቀስ፦ እህቴ፣ ራሚ የሳማ ዘመድ ከሆነ ተክል ግንድ የሚወጣ ቃጫ ነው። ጠንካራ ነው ግን አይለጠጥም፤ ደረቱንና ብብቱን ሰፋ አድርጊው፣ ከጠበበ ስፌቱ ጋ ይሳሳል። ሳትቆርጪ እጠቢው። አዲስ 70 ወይም 80 ቁጥር መርፌ፣ የስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር።

ክርና መርፌ፦ ለመተርተሩ ሁለት ጊዜ ስፊው። 1.5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ። መጀመሪያ የጨርቁ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በ6 ሚሊ ሜትር ስፊ፣ ትርፉን ወደ 3 ከርክሚ፣ ገልብጠሽ በ9 ስፊ። የተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ ይቀራል።

መቀስ፦ ትክክል። ካውያው ላይ ግን አደራ! እርጥብ ሳለ ተኩሺው፤ በአንድ መስመር ደጋግሞ ከታጠፈ ቃጫው ይሰበራል። አጣጥፈሽ ሳይሆን ሰቅለሽ አስቀምጪው።