የአያቴ ቤልጅግ ቤት ውስጥ የተቀለጠ አረር ይችላል?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ቤተሰብ። የአያቴ ቤልጅግ ለእኔ ደርሷል። ፈቃዱ በስሜ ዞሯል፣ ወረቀቱም አለ፣ እሱን አትጠይቁኝ። ያው እየጎተቱ የሚያጎርሱት የቤልጅየም መውዘር ጠመንጃ፣ ባለ አምስት ጎራሹ ነው። ችግሬ ጥይት ነው። ያለኝ ጥቂት ነው፣ እሱም ቀለሁ የጠቆረ የድሮ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ተመሳሳይ መውዘር አለው፤ እርሳስ አቅልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እያፈሰሰ አረሩን ራሱ ይሠራል፣ ቪዲዮ ልኮልኝ ቀናሁ። እዚህ ጋራዥ ሰፈር ደግሞ የሞተ ባትሪ ሞልቷል። የባትሪውን እርሳስ ባቀልጠውስ? ከርከሮና ጦጣ በቆሎዬን ጨረሱት። ደግሞ አፈሙዙ ውስጥ ቡናማ ነገር ይታየኛል።

ከሚኒሶታ፦
እኔም እዚህ በ7.92 ሚሊሜትር መውዘር የቀለጠ አረር እተኩሳለሁ፣ ስለዚህ ይሠራል። ግን ቪዲዮው ላይ የማይታየውን ልንገርህ። መጀመሪያ ልኩ ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉት፤ ከአንዱ ቦይ ግርጌ እስከ ተቃራኒው ያለው ስፋት ወደ 8.2 ሚሊሜትር ነው፣ የቀለጠው አረር ደግሞ ከዚያ በጣም ትንሽ፣ ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊሜትር መብለጥ አለበት። ካነሰ የባሩዱ እሳት በጎኑ እያለፈ እርሳሱን ይልሰዋል፣ እርሳሱ ቦዩ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ አረሩ የዒላማው ወረቀት ላይ በጎኑ ይመታል። አሮጌ መሣሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት ልክ የለውም። ለዚህ ነው ለስላሳ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ ገፍተን አውጥተን የምንለካው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። የፋብሪካው ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይሄዳል። የቀለጠው አረር ቂጡ ላይ የመዳብ ቆብ ካለው እስከ 600 ገደማ ይታገሣል፣ ከሌለው ግን ከ450 በታች ብታደርገው ይሻላል። ባሩዱ በዚያ ልክ ይቀነሳል። ስንት የሚለውን ከታተመ የጥይት አሞላል መመሪያ መጽሐፍ እንጂ ከማንም አፍ አትቀበል፣ ከእኔም ጭምር። ንጹህ እርሳስም አይሆንም፣ ይለሰልሳል። እኛ እንዲጠነክር ቲንና አንቲሞኒ የሚባሉ ብረቶች እንቀላቅላለን፤ የታወቀው ቅይጥ 90 እርሳስ፣ 5 ቲን፣ 5 አንቲሞኒ ነው።

ጋራዥ ያደገ፦
ባትሪውን ተወው በናትህ! እኔ ያደግኩት እዚያው ባትሪ ሲፈታ እያየሁ ነው። የዛሬ ባትሪ ሳህን ውስጥ ካልሲየም፣ አንቲሞኒ፣ አንዳንዴም አርሴኒክ አለ። ስታቀልጠው የሚወጣው ዝቃጭ እርጥበት ሲያገኝ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። አሲዱን አልጠቀስኩም። እርሳስ ደግሞ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቀለጠው ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ብታርፍ በእንፋሎት ፈንድቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። ዝናብ የማያባራበት የጅማ ክረምት ላይ፣ ቤት ጓሮ? ልጆች ባሉበት? እንደው ዝም ብለህ እርሳው።

ሕግ የሚያነብ፦
ከሁሉም በፊት ይሄን እወቅ። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ጥይት የመሥራት ፈቃድ አይደለም። አውሬ ለመግደልም ሌላ ፈቃድ አለ። ከርከሮው ካስቸገረህ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ አመልክት።

ጡረታ የወጣ መሣሪያ ጠጋኝ፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለ እርሳስ ሲያወራ ስለ አፈሙዙ ማንም አላሰበም። ያ ቡናማ ነገር የሚያሳስበኝ እኔን ነው። የድሮው ጥይት መለኮሻ፣ ያ ቂጡ ላይ ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ሲነድ አፈሙዝ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ የጅማ አየር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ጠዋት ያጸዳኸው ማታ ይዝጋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ የጥይት መያዣውንም፣ ጥይቱ የሚገባበትን ማጎረሻውንም በጣትህ ዳስስ። መዝጊያውን፣ ያንን እየጎተቱ የሚያጎርሱበትን ብረት፣ አውጣ። ከዚያ የፈላ ውኃ በትንሽ ሳሙና ከኋላ አፍስስበት፣ በዘንግና በጨርቅ ወልውለው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ነው ስስ ዘይት። በማግስቱ ድገመው። ደግሞ በቆዳ ማህደር አታስቀምጠው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አያትህ በሞራ ይቀቡት ነበር ብትለኝ አይገርመኝም፣ የእኔም አባት ያደርጉት ነበር።

ጠያቂ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ በሞራ ነበር! ባትሪውን ትቻለሁ፣ አረሩንም ለአክስቴ ልጅ። ትናንት እንዳሉት አጠብኩት። የመጀመሪያው ጨርቅ አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ጥቁር፣ ከዚያ አራት ጊዜ ቡናማ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ትንሽ ቡናማ። በብርሃን ሳየው ቦዮቹ ይታያሉ፣ ግን አፉ አካባቢ ነቁጥ ነቁጥ ይላል። ይተኮስበታል?

ጡረታ የወጣ መሣሪያ ጠጋኝ፦
አረንጓዴው የጥይቱ መዳብ ነው፣ አያስፈራም። ነቁጡ ግን ዝገት የበላው ነው፣ አይመለስም። ጨርቁ ነጭ እስኪወጣ ቀጥል። መተኮሱን ግን በፎቶ አልፈርድልህም። ባለሙያ መዝጊያውንና ማጎረሻውን በእጁ ሳያየው አንድም ጥይት እንዳታጎርስ፣ በተለይ ያንን ቀለሁ የጠቆረውን።