ክላሲካል ሙዚቃ አሰምቶ ስዕላዊ ድርሰት ማጻፍ

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት
ስዕላዊ ድርሰት በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቪቫልዲን «ጸደይ» በአነስተኛ ድምፅ ማጉያ አሰምቼ፣ ተማሪዎቼ በዓይነ ኅሊናቸው የታያቸውን እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። ርእሱን አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ሁሉም በጸጥታ አዳመጡ፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ወረቀቶች «ሙዚቃው ደስ ይላል፣ መንፈስን ያድሳል» ከማለት አላለፉም፤ የቀሩትም አበባና ቢራቢሮ ደርድረዋል። ችግሩ የሙዚቃው እንግዳነት ይሆን ወይስ የአጠያየቄ ሁኔታ?

መልስ፦ የሙዚቃ መምህር
የመረጡት ሥራ ለዚህ ዓላማ እጅግ የሚመች ነው። «ጸደይ» የሚገኝበት «አራቱ ወቅቶች» እ.ኤ.አ. በ1725 በአምስተርዳም ሲታተም እያንዳንዱ ወቅት ከአንድ ሶኔት (ባለ ዐሥራ አራት ስንኝ ግጥም) ጋር የወጣ ሲሆን፣ ግጥሙ የሚጠራቸው ነገሮች በኖታው ላይ በየቦታቸው ተመልክተዋል። በ«ጸደይ» የመጀመሪያ ክፍል ወፎች ይንጫጫሉ፣ ምንጭ ይፈሳል፣ ቆይቶም ነጎድጓድ ይመጣል፤ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የፍየል እረኛው ተኝቶ ሳለ ቫዮሊኖቹ እንደ ቅጠል ሲንሾካሾኩ ቪዮላዋ (ከቫዮሊን ጥቂት ተለቅ፣ ድምፅዋም ወፈር ያለ መሣሪያ) እንደ ውሻ ትጮኻለች። «ምን ተሰማችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ስለ ራሱ ስሜት መጻፉ አይቀርም፤ «ምን ሲሆን ሰማችሁ?» ቢባል ግን ወደ ድምፁ ይመለሳል። እኔ ብሆን አጭሩን ሁለተኛ ክፍል ብቻ፣ ርእሱን ሳልናገር፣ ሁለት ጊዜ አሰማ ነበር፤ መጀመሪያ ብዕር ሳይያዝ፣ ቀጥሎ የሰሙትን በነጠላ ቃላት እየመዘገቡ። ድርሰቱ የሚጻፈው ሙዚቃው ከቆመ በኋላ ነው፤ እያዳመጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማዋቀር ለአዋቂም ያዳግታል።

መልስ፦ ጡረተኛ የቋንቋ መምህር
እኅቴ፣ ርእሱን መደበቅ ሁልጊዜ አስፈላጊ አይመስለኝም። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ የስሜታና «ቭልታቫ» (እ.ኤ.አ. 1874) በፍሉትና በክላሪኔት ከሚሰሙ ሁለት ምንጮች ተነሥቶ በአደን፣ በገጠር ሠርግና በጨረቃ ብርሃን አልፎ እስከ ፕራግ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ተማሪው ወንዝ መሆኑን ሲያውቅ የሚያውቀውን ወንዝ ማሰብ ይጀምራል። የሚያሠጋኝ ሌላ ነገር ነው፤ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ጽሑፍ ሳይታወቅ ወደ ተራኪ ድርሰት ይንሸራተታል። ስለዚህ ከሠርጉ ወይም ከጨረቃው አንዱን ብቻ መርጠው እዚያው እንዲቆዩ ይዘዟቸው። ስለ እንግዳነት ላነሡት፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ለጆሯቸው ይቀርባሉ፤ ነገር ግን ወፍ ወይም ነጎድጓድ ስለማይቀዱ፣ ተማሪው ልምምዱን ከለመደ በኋላ ቢመጡ ይሻላል።

የጠያቂዋ ምላሽ
አመሰግናለሁ፤ ሁለተኛውን ክፍል ርእሱን ሳልናገር እሞክረዋለሁ። በውሻው ጩኸት ፈንታ የበር መንኳኳት ሰማሁ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር ስሕተት ልበለው?

መልስ፦ የሙዚቃ መምህር
በፍጹም። ቪዮላዋ የምትደጋግማቸው ሁለት ድምፆች በር ከማንኳኳት ጋር በእርግጥ ይመሳሰላሉ። ነጥብ የምሰጠው በሩ የእንጨት ይሁን የቆርቆሮ፣ የሚያንኳኳውም በመዳፉ ይሁን በጣቱ ጫፍ ጽሑፉ ሲያሳየኝ ነው።